ለቀይዋ መኪና የሰፋሁት የኋላ ወንበር

ዛሬ ጠዋት ጎደሬ እየላጥኩ ነበር። ጎደሬ ያሳክካል። እጄን ዘይት ቀባ ቀባ አድርጌ፣ በርጩማዬን ደጃፍ አውጥቼ፣ ሳፋውን እግሬ መሃል አድርጌ ስልጥ፣ ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ቤቲ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች።

«እማዬ፣ ቴሌግራም ላይ ወጣሽ!»

«ምን ሠርቼ?»

«መኪና ሊሸጡ ነው። ስምሽን ጽፈውታል። ስሚ፣ ስሚ።»

አነበበችልኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሰው ሲያነብልኝ ግን አንድ ቃል አይወድቅብኝም። እንዲህ ይላል፦ የምትሸጥ መኪና፣ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ለሬስ የተዘጋጀች፣ ታርጋና ቦሎ ያላት፣ ከተማ ውስጥም የምትነዳ። ፍሬኗ የውድድር፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ውስጧ የብረት መከላከያ የተበየደላት። የኋላ ወንበሯ በዲላዋ በእማማ ብዙነሽ እጅ የተሰፋ። ዛሬ ረፋድ ላይ መምህር ተስፋዬ ቤት መጥቶ ማየት ይቻላል።

«ታዋቂ ሆንሽ እኮ!» አለች ቤቲ።

እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ወንበር ከመኪናዋ ጋር በአንድ ቡሎን እንኳን አልተያዘችም። ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው። ይሄን እኔ አውቃለሁ፣ ያሠራኝ ልጅም ያውቃል፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ገብቶ ከቀረ ቆየ። አሁን የሚሸጣት መምህር ተስፋዬ ራሱ አያውቅም። ዛሬ ደግሞ ሌላ ሰው ሊገዛት፣ ልጁን ወይ እናቱን እዚያ ላይ ሊያስቀምጥ ነው።

ወዲያው ተነስቼ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሄድኩም። ሳፋ ሙሉውን ጎደሬ ልጬ ጨረስኩ። አንዱን ጎደሬ ሁለቴ ሳልልጠው አልቀረሁም። እስክጨርስ ያሰብኩትን ነው እንግዲህ የማስጽፍሽ፣ ቤቲ። ላሳምረው ብለሽ አትለውጪብኝ። እንደወጣ ጻፊው።

እንጀራዬ ከልጅነቴ ጀምሮ መርፌ ነው፤ ልብስ ግን አልሰፋሁም። የቡሌ ልጅ ነኝ፣ የደጋው። እናቴ ስትሞት አክስቴ ወርቃ ወሰደችኝና ቡና ማጠቢያ ገባሁ። ሌሎቹ ሴቶች ቡና ይለቅማሉ፤ እኔ የጆንያ አፍ ሰፊ ሆንኩ። የጆንያ አፍ ሲሰፋ በሁለቱ ጫፍ እንደ ጆሮ ይወጣል፣ ተሸካሚው የሚይዘው እሱን ነው። የኔ ጆሮ አይፈታም ነበር። አለቃችን የሚጮህ ሰውዬ ነበር፤ ደመወዝ ቅዳሜ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ቅዳሜን ይረሳታል። እሱን እንለፈው።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሾፌር ጆንያዎቹን አየና «ይሄን ማነው የሰፋው?» አለ። «ያቺ ጥቁሯ ልጅ» አሉት። ወንበሩ ተቀዶ፣ ሞላው ወጥቶ ይወጋው ነበር። ጆንያ ደራርቤ ሰፋሁለት። ሾፌሩ ዲላ ሲደርስ ለወንበር ሰፊው ለጋሽ ሸምሱ ያሳየዋል። ጋሽ ሸምሱ ምን አለ መሰለሽ? «ሥራው አስቀያሚ ነው። ስፌቱ ግን አይለቅም። ልጅቷን አምጣልኝ።» እንዲህ ነው ዲላ የገባሁት።

ጋሽ ሸምሱ ጉራጌ ነው፣ ሙስሊም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ መሃል ሁልጊዜ ክር የማይጠፋ። ሱቁ የሞያሌው መንገድ ዳር ነበር፤ የሚወጣ የሚወርድ መኪና ሁሉ አቧራውን እኛ ላይ ያራግፋል። ያኔ ሴት ልጅ መኪና ውስጥ ተንበርክካ ስትሠራ ነውር ነበር። ሾፌሮቹ «ሸምሱ፣ ሚስት ይዘህ ነው እንዴ የምትሠራው?» ይሉታል። እሱ ቀና ሳይል «ቀዳዳውን የቀደደው ወንድ ነው፣ ሴት ትስፋው» ይላቸዋል።

ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ወንበሩ ላይ ራሱ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከዚያ «ይሄ ሰውዬ በቀኝ ዳሌው ነው የሚያርፈው፣ ግራ እግሩን ያመዋል» ይላል። ሾፌሩ ይደነግጣል። እኔም አስማት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ውስጡ የቱ ጋ እንደሞተ መቀመጫሽ ይነግርሻል። ክሩን በንብ ሰም ያሻል፣ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ይስባል፤ ጣቱን ካልቆረጠው «ይሄ ለቀሚስ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ቆዳ የሚወጠረው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው። ከጠርዝ ከጀመርሽ መሃሉ ሆድ ያወጣል። ማዕዘኑ ላይ አትቆርጪም፣ ታጥፊያለሽ፣ ሕፃን እንደሚጠቀለለው። ይሄን ለመልመድ ስንት ዓመት ፈጀብኝ መሰለሽ።

ከሁሉም ግን አንድ አመል ነበረው። ያኔ ስፖንጅ እንደ ልብ አይገኝም፤ ወንበር የሚሞላው በእንሰት ቃጫ ነው። ሌባ ወንበር ሰፊ ደግሞ ላይ ላዩን ቃጫ፣ ከሥር የሰው ቡቱቶ ይጠቀጥቃል። ከሸፈነው በኋላ ማን ያያል? ጋሽ ሸምሱ ወንበር ሲጨርስ አንድ ስንዝር ያህል ሳይሰፋ ይተዋል። አፍ ይለዋል። ባለቤቱ ሲመጣ «እጅህን አግባ» ይለዋል። ሰውየው እስከ ክርኑ አግብቶ ይዳብሳል፤ ቃጫውን፣ ሞላውን፣ ቡሎኑን። እዚያው ፊቱ ነው አፉ የሚዘጋው። የቸኮለ ሾፌር «ተወው ሸምሱ፣ አምንሃለሁ» ካለው ይቆጣል።

«እኔን አትመን! እጅህን እመን።»

ጋሽ ሸምሱ ሲሞት ልጆቹ ሱቁን ሸጡት። ማሽኑን ለኔ ሰጡኝ፣ አላህ ይስጣቸው። መናኸሪያው አጠገብ ኮንቴነር ተከራየሁና ብቻዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ከዚያ አንድ የሞያሌ አውቶብስ ሾፌር ወገቡን ይዞ እየተንፏቀቀ መጣ፤ ሐዋሳ ሦስት ሰው ሠርቶለት አልሆነም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የታመመው ወንበሩ ከሥሩ ነበር፣ አንድ ሞላ ዘንበል ብሏል። ከሥር ሞላውን አቅንቼ፣ ከላይ ስፖንጁን በቢላ ጎን ጎኑን ላጥኩለት። በወሩ ተመልሶ መጥቶ ኮንቴነሩ በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና «እዩኝ!» አለ ለሰዉ። ከዚያ ወዲያ ሰው አላጣሁም። አፍ መተዉንም አልተውኩም። መናኸሪያ ያሉ ልጆች ሲያዩኝ «እማማ እጅህን አግባ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ኋላ ደግሞ ያለቀለት ፎደራ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ተጠቅልሎ መምጣት ጀመረ። እንደ ትራስ ልብስ የሚጠለቅ። ሰዉ ኮንቴነሬ ፊት ለፊት መኪናውን አቁሞ ራሱ ያለብሳል፣ «እማማ ደህና አደርሽ» ይለኛል፣ ይሄዳል። እኔ ቁጭ። እጅሽ የሚሠራውን እያወቀ ሰው ሲረሳሽ፣ እንዴት ልበልሽ፣ እንደ ራብ ነው። እንደዚያ ሆኜ ነው ናሆም ያገኘኝ።

ናሆም የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ ልጅ ነው። መኪናዋ ከመድረሷ በፊት ድምጿ ይደርሳል፤ ማርሚታዋን ቀይሮላት ነው። ቀይ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ። በሩን ከፈተልኝ። ውስጧ ራቁቷን ናት። ምንጣፍ የለ፣ የበር ልብስ የለ፣ ባዶ ቆርቆሮ። ክብደት ለመቀነስ ነው አለኝ። ከጣሪያዋ እስከ ወለሏ ወፍራም የብረት ቱቦ እንደ ዶሮ ቅርጫት ተበይዶባታል፣ ብትገለበጥ ሰው እንዳትጨፈልቅ። ፊት እንደ ሙቀጫ የሚውጡ ሁለት ወንበሮች፣ ቀበቷቸው አራት ጠፍር። ኋላ ምንም። የድሮው ወንበር የሚታሰርበትን ብረት እንኳን ቆርጠው ሞርደውታል።

«አዲስ አበባ ተወዳድሬባታለሁ፣ እማማ። አሁን አባቴ ሽጣት አለኝ። እዚህ ደግሞ የሚያያት ሁሉ "ሚስቴን የት ላስቀምጣት፣ ጣሪያ ላይ?" ነው የሚለኝ። የኋላ ወንበር ሥሪልኝ።»

«እሠራልሃለሁ። መጀመሪያ ግን በያጅ ወለሉ ላይ ማሰሪያ ይበይድ። እኔ በቡሎን አስራታለሁ።»

«ብየዳው ቀለሙን ያቃጥለዋል። ገዢ ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል። ለሰውየው እነግረዋለሁ፣ በኋላ ያስበይዳል። አንቺ ብቻ አሳምሪያት።» በሩን እየዘጋም «ካልሆነልሽ ግድ የለም፣ አዲስ አበባ ዘመናዊ አድርገው ይሠሩታል» አለኝ።

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ገባችብኝ።

አራት ቀን ሠራሁ። ኮምፔርሳቶ ቆረጥኩ፣ ከታች ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ፣ በማስቲሽ አጣበቅኩ። ቀይ ቆዳ አለበስኳትና ድርብ ስፌት እየሳብኩ እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣሁባት። በሕይወቴ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም። ብረቶቹ መሃል ስትገባ ጥብቅ ስላለች ስትቀመጪባት አትነቃነቅም። ወደ ፊት ብትሄድ ግን የሚይዛት ነገር የለም። ሰዉ እየመጣ ያይ ጀመር፣ ፎቶ ያነሳል። «እማማ፣ ይሄ ከውጭ የመጣ ነው የሚመስለው» ይሉኛል። እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

አፍ አልተውኩላትም። ስፌቱን ያበላሽብኛል አልኩ ለራሴ። ውሸት ነው። እጅ የገባ እንደሆነ ቡሎን እንደሌላት ያገኛል፤ ይሄን አውቄ ነው የዘጋሁት።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። መምህር ተስፋዬ ነው፣ የጸሎት ቤታችን ዘማሪ። እናቱ እማማ አየለች ያኔ ይርጋጨፌ ነበረች፣ እግሯ አያራምዳትም፤ ለሕክምና ዲላ ስትመላለስ አውቶብስ ላይ እንደ ዕቃ ነው የሚጭኗት። መኪናዋ የሚፈልጋት ጠፍቶ ስለረከሰች ነው እሱ ላይ የደረሰችው። ጓደኞቹ «መምህር ሬስ ሊወዳደር ነው፣ ተማሪዎች ጥጋችሁን ያዙ!» እያሉ ይቀልዱበታል። ይስቃል። ናሆም ስለ ሞተሩ አወራ፣ ስለ ፍሬኑ አወራ። ስለ ማሰሪያው እስኪያወራ ጠበቅኩት። አላወራም። አየኝ፣ አየሁት።

ተስፋዬ ወደ ወንበሯ ጎንበስ አለና እጁን ዘረጋ። «እማማ፣ አፉ የታለ? እጄን ላግባ እንጂ።»

«ዘግቼዋለሁ» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

እጁን መለሰ። «አንቺ ከሰፋሽውማ በቃ» አለ። «ምን ልዳብስ።»

ያኔ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «አልታሰረችም» ማለት ብቻ። ሰዉ ከቦናል፣ ወንበሬን እያደነቀ ነው። አላልኩም። ሰኞ እነግረዋለሁ አልኩ። ሰኞ ደግሞ አስበይዶ ይሆናል አልኩ።

ወር አልሞላም። እናቱን ከይርጋጨፌ ሲያመጣ፣ ወናጎን አልፈው ቁልቁለቱ ላይ ባጃጅ ፊቱ ዞረበት። ፍሬን ያዘ። የሬስ ፍሬን ነው፣ እንደተባለው ነው፤ መኪናዋ ባለችበት ቀጥ አለች። ባጃጁን አልነካችውም። ጭረት የለባትም። ወንበሬ ግን እናቱን እንደያዘች ወደ ፊት ሄዳ ከብረቱ ጋር አጋጨቻት። ትከሻዋ ተሰበረ፣ ዳሌዋ ተሰበረ። እግሯን የሚያማት ሴት ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልወረደችም።

ወንበሯን ራሱ ተስፋዬ ገፍቶ መለሳት። አስተማሪ ነው እንጂ መካኒክ አይደለም፤ ብረቶቹ መሃል ጥብቅ ስትል ደህና ሆነች መሰለው። ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ወሰደ። «እኔ ነኝ በኃይል የረገጥኩት፣ እኔ ነኝ» ይላል ላገኘው ሁሉ።

ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ሙዝ ይዤ። እማማ አየለች እጄን ያዘችኝ። «ብዙዬ፣ ያ ለስላሳ ወንበርሽ ባይኖር ብረቱ ይገድለኝ ነበር። ጌታ እጅሽን ይባርክ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።

በሳምንቱ ኮንቴነሩን ዘጋሁ። ዓይኔ ደከመ አልኩ። አባትሽ ሐዋሳ ወስጄ ላስመርምርሽ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። ጸሎት ቤት ወደ ፊት አውጥተው፣ እጃቸውን ጭነው ለዓይኔ ጸለዩልኝ። ተስፋዬም ከዘማሪዎቹ መሃል ቆሞ ሲጸልይልኝ በደንብ አየዋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፣ ቤቲ። አሁንም መርፌ አስገባለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ክር አስገቢልኝ ስልሽ የኖርኩት በውሸት ነው።

ጎደሬው አለቀ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ፣ ባጃጅ ያዝኩ። «የት ልውሰድሽ እማማ?» «መምህር ተስፋዬ ቤት።» «መኪና ልትገዢ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ ባለባጃጁ።

ስንደርስ ሞተሯ ተነስቷል። ድምጿን ከሩቅ አወቅኩት። ከግቢው ወደ መንገዱ እየወጣች ነው፤ መሪው ላይ አንድ ጎልማሳ፣ ተስፋዬ ከጎኑ፣ የጎልማሳው ሚስት ግቢው በር ላይ ቆማ ታያለች። ገዢው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፣ ከሰሜን የመጣ። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ወንበሬ ላይ ይዘላሉ።

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

ሰውየው ፍሬን ያዘ፣ አንገቱን አወጣ። «እናት፣ ምን ሆኑ? ሊገጩ እኮ ነው!»

«ልጆቹን አውርድ።»

«ምን አሉኝ?»

ተስፋዬ ወረደ። «እማማ ብዙዬ፣ ምነው? ሽያጭ ላይ ነን እኮ። ሥራሽን እያደነቀልሽ ነው።» ለሰውየውም «እሷ ናት ያልኩህ» አለው።

«ልጆቹን አውርዱልኝ አልኩ!» ጮህኩ መሰለኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እናትየው ሮጣ መጥታ አወረደቻቸው። ሰውየውን «አሁን ወንበሯን በአንድ እጅህ ሳባት» አልኩት።

ወረደና እያፈረ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ሳባት። ልክ እንደ ትሪ ተነስታ መጣችለት። ከሥር ባዶ ቆርቆሮ፣ አንድ ቀዳዳ እንኳን የለውም።

ሞተሯ ብቻ ነው የሚጮኸው። ሰውየው አጠፋው።

«ማሰሪያ የላትም» አልኩ። «ኖሯትም አያውቅም። ስሰፋት አውቃለሁ። አንተ ስትገዛትም አውቅ ነበር፣ ተስፋዬ። እጅህን ልታገባ ስትል ከለከልኩህ። እናትህን የጣልኳት እኔ ነኝ። እግርህ አይደለም።»

ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝም አልሸሽም ነበር። ወለሉን ነው የሚያየው፣ ያንን ባዶ ቆርቆሮ።

«እኔ እኮ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ» አለ። «እናቴን። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሳጥባት።»

«ልግባና ልንገራት» አልኩት።

«አትገቢም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ዛሬ አትገቢም፣ እማማ። እንዴት እንደምነግራት ራሴ ላስብ። ሂጂ።»

ሰውየው ልጆቹን በሁለት እጁ ይዟል። ሚስቱ አማተበች። «እግዜር ይስጥልን፣ እናት» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ባሏ ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ወንበሯ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ቀይ፣ ድርብ ስፌቷ አንድ ቦታ እንኳን አልለቀቀም። ከግቢው ስወጣ ተስፋዬ ሰውየውን «ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን መኪና ናት፣ ከዚህ በኋላ እንዲያ ብዬ ነው የምሸጣት» ሲለው ሰማሁ።

ቤት ስገባ ቀለለኝ እንድል ትጠብቂ ይሆናል። አልቀለለኝም። ድሮ የማፍረው ብቻዬን ነበር፤ አሁን ከሰው ጋር ነው።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፣ ያደረሰው ባለባጃጁ ነው። ጎረቤቴ ሸዋዬ አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሸዋዬን ታውቂያታለሽ፣ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስታመም አጥሚት ይዛ የምትመጣ እሷ ናት። ሳሎኗ ያለውን ሶፋ በሠርጓ ሰሞን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ ሦስቱም ልጆቿ እሱ ላይ እየዘለሉ ነው ያደጉት።

«ሰማሁ፣ እማማ ብዙዬ» አለችኝ። «ጥሩ አደረግሽ። ጌታ ያየዋል።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም። የአጥሩን እንጨት በጥፍሯ ትልጣለች።

«አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትቀየሚኛለሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«የኛ ሶፋ» አለች። «ውስጡ ምንድነው ያለው?»